ዓሣ ነው አሉኝ

ባለፈው መስከረም እህቴ ከሸዋ ሮቢት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ውስጥ ድንጋጤም ሳቅም ነበረበት። «ጋሼ፣ ልጁን ዓሣ ወጋው» አለችኝ። እኔ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። በእኛ አገር ሰውን በሬ ይወጋዋል፤ ቆንጥር ይወጋዋል፤ ሲብስም ሰው ይወጋዋል። ዓሣ ሰው ወጋ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅምና ልስቅ ነበር። ነገሩ ሦስተኛ ቀኑን መያዙን፣ እጁ እስከ አንጓው ማበጡን፣ ሌሊት ሌሊት በትኩሳት እንደሚቃዥ ስትነግረኝ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ከጓደኞቹ ጋር ሮቢ ወንዝ ይወርዳል። መንጠቆው የተጣመመ ሽቦ፣ ገመዱ ከጆንያ የተመዘዘ ሲባጎ፣ መሳቢያው የምድር ትል ነው። የዚያን ቀን ዕድል ቀናውና አንድ ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ጢማም ፍጥረት ጎትቶ አወጣ። ሊያመልጠው ሲል ከራሱ ሥር በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ዓሣው አንድ ጊዜ ተወራጨ። ልጁ መዳፍ ውስጥ አንድ ነገር ገባ፤ ሲወጣ ደግሞ ሲገባ ካመመው የበለጠ አመመው። ቤት ሲደርስ አያቱ ቅቤ ቀቡለት። ጎረቤት የቡና ዱቄት ነሰነሰችበት። ከዚያም በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሠሩት። ቁስል ውስጥ ቆሻሻ ቀብሮ ክዳን መግጠም ማለት ይኸው ነው።

«ምን ዓይነት ዓሣ ነው የወጋው?» አልኳት።

«እኔ ምኑን አውቄው ጋሼ? ዓሣ ነው አሉኝ።»

ልጁ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ቁስሉ ተከፍቶ ታጠበ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ተወጋ። እጁ ተረፈ። አንዱ ጣቱ ግን ዛሬም እንደ ድሮው አይታጠፍም። የመማሪያውን ዋጋ ከፍሎ ሲያበቃ እንኳን ያስተማረው የለም፤ የወጋውን ዓሣ ስም የነገረው አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም የልጁ ሕመም ሳይሆን ያቺ የእህቴ መልስ ናት፤ «ዓሣ ነው አሉኝ»።

እስቲ ልብ በሉ። እኛ ስም የምናጣ ሕዝብ አይደለንም። ጤፋችን ማኛ፣ ሰርገኛ እየተባለ ይለያል። ፈረሳችን ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ ይባላል። የበሬውን መልክ ቀርቶ የቀንዱን አጣጣል የምንጠራበት ቃል አለን። ውኃ ውስጥ ስንገባ ግን ቋንቋችን ይሰምጣል። ጣት የሚያህለውም ክንድ የሚያህለውም፣ ጢም ያለውም የሌለውም፣ የሚበላውም የሚወጋውም ባንድ ከረጢት ገብቶ «ዓሣ» ተብሎ ይቋጠራል። በሬና ጅብን «እንስሳ» ብሎ ባንድ በረት እንደ ማሰር ነው እኮ!

ይህን ስል ግን አማርኛን እያማሁ አይደለም። ቃሉ አለ። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ የሚሉት ስሞች በሐይቆቻችን ዳር ሲነገሩ የኖሩ ናቸው። ችግሩ ስሞቹን ያወቁትን ሰዎች መናቃችን ነው። ጣና ዳር የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ታንኳቸውን ከደንገል እየሠሩ፣ ውኃውን እንደ ጓሯቸው እያወቁ ስንት ትውልድ አሳለፉ። እኛ ባለ በሬዎቹ ግን ጉማሬ በሉ ብለን ከማዕዳችን አራቅናቸው፤ ከሰው በታች አድርገን አየናቸው። ሰውየውን ስንጥለው እውቀቱንም አብረን ጣልነው። የናቁት ሰው የሚያውቀውን ነገር ለመማር አንገት መድፋት ያስፈልጋል፤ አንገታችን ደግሞ በዚህ በኩል እንደዚያ ጣት ነው፤ አይታጠፍም።

ወደ ወንጀለኛው እንመለስ። ልጁን የወጋው ማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ ፖሊስ አያስፈልግም። ቅርፊት የለውም። አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው። ራሱ ጠፍጣፋና እንደ ራስ ቁር ጠንካራ ነው። የጀርባው ክንፍ ከማጅራቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ይጀምርና እስከ ጅራቱ ሥር ይዘልቃል። አምባዛ ነው። መሣሪያውም ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ ባሉት ክንፎች ፊት ለፊት የተተከሉት ሁለት የአጥንት እሾሆች ናቸው። ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ስለሆነ ነው ሲገባ ወግቶ ሲወጣ የሚቀድደው። ዓሣው ሲደነግጥ ሁለቱን ወደ ጎን ይገትራቸዋል። ልጁ በትክክል እነሱን ነው የጨበጠው።

መያዣው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሲታሰብ ደግሞ ያናድዳል። እርጥብ ጆንያ ወይም ወፍራም ጨርቅ ጣል ያደርጉበትና፣ ከኋላ በኩል መጥተው፣ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ከሁለቱ እሾሆች ኋላ አስገብተው ራሱን መሬት ላይ ይጫኑታል። መንጠቆውን በጣት ሳይሆን በፒንሳ ያወጣሉ። ፒንሳ ከሌለ ገመዱን ይቆርጡታል፤ አንድ መንጠቆ ከአንድ ጣት አይበልጥም። «ሞቷል» ብሎ መዘናጋት ደግሞ የለም። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ከውኃ ወጥቶ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ጭቃ ላይም በእነዚያው እሾሆች እየተደገፈ ይሄዳል። ሊበሉት ከሆነ ራሱን በዱላ አንዴ ብሎ መገላገል ለእሱም ለሰውም ምሕረት ነው። ከሁሉ በላይ፣ ምን እንዳለበት በማይታይ ድንጋይ ሥር እጅ አይሰደድም። አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያሉት ሲተርቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ከመካከላቸው የጎረጎረ ሳይኖር አይቀርም።

ሌሎቹም ቢሆኑ ለዓይን አያስቸግሩም። ቆሮሶ ጢም የለውም፤ ቅርፊታም ነው፤ የጀርባ ክንፉ የፊት ክፍል መርፌ የተደረደረበት ይመስላል። እሱን የሚይዝ ሰው እጁን ከራሱ ጀምሮ ወደ ጅራቱ ያንሸራትታል፤ መርፌዎቹ ያን ጊዜ ይተኛሉ። የተገላቢጦሽ የዳሰሰ ግን ወዮለት። የቆሮሶ እናት ደግሞ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ይዛ የምታሳድግ ናት። ወንዝ ዳር ሆናችሁ አፏን ሞልታ የተያዘች ቆሮሶ ብታጋጥማችሁ ምን እንደምታደርጉ ለሕሊናችሁ እተወዋለሁ። ቢልጫ ቅርፊትም አለው፣ አራት አጫጭር ጢምም አለው፤ የጀርባ ክንፉ አጭር ነው። አፉ ውስጥ ጥርስ የለም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። አጥንቱ ብዙ ስለሆነ «ዓሣን መብላት በብልሃት» የተባለው ለእሱ ይመስለኛል። ካርፕ የሚሉት ከውጭ መጥቶ የተለቀቀው ዓሣ ቢልጫን ይመስላል፤ የጀርባ ክንፉ ግን ረጅም ነው፤ የክንፉ መጀመሪያም ጥርስ ያለው እሾህ ነው። በቃ! ይህን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ? ቅርፊትን ማየት፣ ጢምን መቁጠር፣ የጀርባ ክንፍን ርዝመት መመልከት ነው። ስምንት ድረስ መቁጠር ደግሞ አንደኛ ክፍል የሚሰጥ ትምህርት ነው።

«ዓሣ አውቀን ምን ልንሆን?» የሚል አንባቢ እንዳለ ይታየኛል። ለእሱ ከማዕድ ልጀምርለት። ይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና፣ በእድር፣ በጋብቻም ጭምር ተጋምዶ የሚኖርበት አገር ነው። ሠርግ ሲሆን ግን ድንኳኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላማ! ዓሣ ግን ቢላዋ ላይ ስመ አብ ወይም ቢስሚላሂ አይጠበቅበትም። ከአንድ ትሪ ሁለቱም ሊቆርሱበት የሚችሉት ሥጋ ነው። እዚህ ላይ ታዲያ ስሙ ይመጣል። ብዙ ክርስቲያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት የሚከለክለውን የኦሪት ሥርዓት ይዞ አምባዛን አይነካም። ለሙስሊሙ ጎረቤቱ ግን አምባዛም ሆነ ቆሮሶ ችግር የለበትም። እንግዲህ አስተናጋጇ እመቤት ዓሣዋን ካወቀች ቆሮሶውን ታቀርብና ሁለት ሃይማኖት ከአንድ ገበታ ላይ ይጎርሳል። ካላወቀች አንዱን እንግዳ ሳታስበው ታረክሰዋለች። «ዓሣ ነው» ማለት እዚህ ቤት ውስጥ መልስ አይደለም።

ከተማ ላይ ደግሞ ነገሩ ከድንቁርና አልፎ ማጭበርበር ይሆናል። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን ከማልጠራው አንድ ምግብ ቤት ገባሁና የምግብ ዝርዝሩ ላይ «ናይል ፐርች» የሚል አየሁ። «ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጁ ደረቱን ነፍቶ «ከጣና ነው ጋሼ፣ ዛሬ ጧት የገባ» አለኝ። ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ሁሉ አግዶታል። ናይል ፐርች የሚገኘው አባያና ጫሞ፣ ባሮ፣ ኦሞ፣ ቱርካና ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀና ወደ ጓዳ ሄዶ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ዓሣ ነው አሉኝ» አለ። ይኸውላችሁ! ሸዋ ሮቢት ላይ የሰማሁት መልስ አዲስ አበባም አስተናጋጅ ሆኖ ጠበቀኝ። ቆዳው ተገፎ፣ ተከትፎ፣ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ አምባዛ ምን ብሎ ይናገራል? ቅርፊት የሌለው አልበላም ብሎ ዕድሜውን የቆጠበ ሽማግሌ ልጆቹ በጋበዙት ቀን ምን እንደ ጎረሰ ማን ያውቅለታል? ሰው ለሚበላው ነገር ስም ሲከፍል ስሙን የማግኘት መብት አለው። የሥጋ ቤት ባለቤት የፍየል ሥጋ በበግ ስም ቢሸጥ ሠፈር ይቀወጥ የለም እንዴ?

ጥሬውን የሚበሉትንማ ተዉት። ሐዋሳ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ መብላት የወግ ሆኗል፤ ሎሚ ጭምቅ ከተደረገበት «ተቃጥሏል» ይባላል። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ትሉን አይገድለውም። በእኛ ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ኮንትራሴከም የሚባል ትል መኖሩ የተረጋገጠ ነው። ሌላው ዓለም ጥሬ ዓሣ ሲበላ አስቀድሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሰባት ቀን ያቀዘቅዘዋል። እኛ ዘንድ ማቀዝቀዣው አዋዜው ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ልጁ ትንሽ ሲሻለው ልጠይቀው ሄድኩ፤ መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ በሚያስቸግርበት በዚህ ዘመን ጣርማ በርን ተሻግሮ መውረድ ራሱ ጉዞ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን ሳወራቸው አንደኛው «እኛ እኮ በመንጠቆ የምንለፋው ልጅ ስለሆንን ነው፤ ትልልቆቹ ብርብራ ነው የሚያደርጉበት» አለኝ። ሌላው ቀጠለና «ማላታይንም ያፈሱበታል» አለ፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ። ደሜ ቀዘቀዘ።

ብርብራን የማያውቅ ካለ፣ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣው ትንፋሹ ይታፈንና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ ስላለ ነው። የሚሞተው ግን ለድስት የሚበቃው ብቻ አይደለም። ጥፍር የምታህለዋም፣ እንቁላል የቋጠረችውም፣ ዓሣው የሚመገበው ነፍሳትም አብሮ ያልቃል። ለቃሚው ሃያ ያህሉን መርጦ ይሄዳል፤ ሌላው ዳር ላይ ይሸታል። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ቢያንስ የያዘውን ያያል፤ ማንነቱን ይለያል፤ ያልፈለገውን ይለቃል። ብርብራ የሚበትን ግን መለየት አያስፈልገውም፤ ለእሱ ሁሉም «ዓሣ ነው»። ማላታይኑ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ከሮቢም ከጀውሃም የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ ቁልቁል ደግሞ ከብቱን የሚያጠጣ፣ ራሱም የሚጠጣ አፋር አለ። ላይ ያለው ሰው እራቱን ለማግኘት ታች ያለውን ጎረቤቱን ውኃ ይመርዛል።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995፣ በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ከልክሏል። አዋጁ ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ያነጋገርኳቸው ልጆች ግን አዋጁን ቀርቶ ዓሣ ጠባቂ ሕግ ሊኖረው እንደሚችል ሰምተው አያውቁም። «ለዓሣ?» ብለው ነው የሳቁብኝ።

ጣና ላይ የደረሰውን ያየ ሰው አይስቅም። የጣና ቢልጫዎች በዓለም ላይ የሌሉ፣ ሐይቁ ውስጥ ተፈጥረው ሐይቁ ውስጥ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። የእነሱ ታሪክ ራሱ የመለየት ታሪክ ነው። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተወሰኑትን ለየ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባኒስተር የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ደግሞ በየሙዚየሙ የተቀመጡትን መረመረና ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ ዝርያ አደረጋቸው። «ዓሣ ነው አሉኝ» ማለት የእኛ ብቻ በሽታ አለመሆኑን ልብ በሉልኝ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናግልከርክና ሲቢንግ የሚባሉ ሆላንዳውያን ሐይቁ ዳር ተቀምጠው፣ አፉ ወዴት እንደዞረ፣ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚራባ አንድ በአንድ አይተው 15 ዝርያ መሆናቸውን አሳዩ። ጉዳዩ የስም ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ማብቂያ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። መረብም ብርብራም የሚጠብቃቸው እዚያ ላይ ነው። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) በነበሩት አሥር ዓመታት ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ መውረዱን ተመራማሪዎች አስመዝግበዋል። «አንድ ዓሣ ነው፣ ሞልቷል» ያለ ሰው አሥራ አምስት ዝርያ ሊያልቅበት ሲል አያየውም።

እንግዲህ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል? የእህቴን ልጅ ደብተር አየሁት። ስለ ሻርክ ተጽፎበታል። ስለ ዓሣ ነባሪም ተጽፎበታል፤ ዓሣ ነባሪ ዓሣ አለመሆኑንም ልጁ በቃሉ ወጣው። ከቤቱ ሃያ ደቂቃ ርቆ የሚኖረውና እጁን የበሳው አምባዛ ግን የለበትም። ትልቅ ሰው ላንብብ ቢልስ? ሽብሩ ተድላ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያ የንጹሕ ውኃ ዓሣዎች መጽሐፍ ጽፈዋል። ረድኤት ሀብተሥላሴ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን ዓሣዎች ዝርዝር ከነመለያ ሥዕሉ አሳትመዋል። ሁለቱም ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ሥራቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጀውሃ ዳር መንጠቆ የያዘው ልጅ የሚያነበው፣ እያንዳንዱ ሥዕል ሥር «ይህን በዚህ በኩል ያዘው፣ ያንን አትንካው» የሚል አንድ ወረቀት በአማርኛ ለማተም ስንት ዓመት ነው የሚያስፈልገው? ባሌ ተራሮች ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ። ፈረንጁ ዘንጉን ተሸክሞ እዚያ ድረስ ይሄድና በእርጥብ እጁ ይዞት፣ ስሙን ጠርቶ፣ መልሶ ይለቀዋል። እጁን የሚያረጥበው ለቄንጥ አይደለም፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋል፤ የተገፈፈ ዓሣ ቢለቀቅም በበሽታ ይሞታል። የእኛ ልጅ ይህን ማወቅ የሌለበት ለምንድን ነው?

ስለ ውኃው አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ቢልሃርዚያ የኖረ በሽታ ነው። ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያጠምዱት፤ ያውም ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ቆዳ የሚበሳው ፍጥረት በብዛት የሚዋኘው ደግሞ በዚሁ በእኩለ ቀን አካባቢ ነው። ዳር ላይ፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ሆኖ በረጅም ዘንግ ማጥመድ ይህን ሁሉ ያስቀራል። አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ከእሱ በፊት ስንት ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል? እሱ ግን «ቀንድ አውጣ ነው» ብሎ አላለፈም፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ለምን ሞተ ብሎ ጠየቀ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከሥራ ባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘበት ሥራ የጀመረው ከዚያች ጎንበስ ማለት ነው።

ከጥቅምት 2016 ወዲህ ደግሞ አገሩ ሁሉ ስለ ባሕር በር ያወራል። ቡና ቤቱ፣ ታክሲው፣ ለቅሶ ቤቱ ሳይቀር ቀይ ባሕር ቀይ ባሕር ይላል። የፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። እኔ ግን የአሰብ መንገድ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ከአሰብ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ደብረ ሲና ላይ ቆመው ሾፌሮቹ ቆሎ ይገዙ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቆየ ጠባሳ ነበረው። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚተኛ፣ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ ላይ እሾህ ያለው ዓሣ ረግጦ ነው። «እግርህን እየጎተትክ ከሄድክ ሰምቶ ይሸሻል፤ እያነሳህ ከረገጥክ ይወጋሃል» ይለን ነበር። አንድ ዓሣ አስጋሪ እግሩን በሚችለው መጠን በሞቀ ውኃ ነክሮ ቆይቶ እንዲታገሥ አድርጎት ሕመሙ እንደለቀቀው ሲያወራ አፋችንን ከፍተን እንሰማው ነበር። እውነቱን ነበር፤ የብዙ የባሕር ዓሣ መርዝ ሙቀት ያፈርሰዋል። በእርግጥ ሙቅ ውኃው ሐኪምን አይተካም።

ቀይ ባሕር ውስጥ ከዚህ የባሰም አለ። ድንጋይ መስሎ የሚቀመጥና ጀርባው ላይ 13 መርዛም እሾህ ያለው አለ። ላባ እንደ ለበሰ የሚያምርና ሲነኩት የሚያቃጥል አለ። ሲነኩት እንደ ፊኛ የሚነፋና መርዙ ቢቀቀል የማይጠፋ አለ፤ የዚህኛው ዘመድ ቱርካናም ውስጥ ይገኛል። የአምባዛ ዘመድ የሆነ፣ ነጭ መስመር ያለው፣ እሾሁ ከነመርዙ የሆነም አለ። ልጠይቃችሁ። ባሕሩ ነገ ጧት ቢሰጠን ምን እናደርግበታለን? ዳርቻው ላይ ቆመን ፎቶ እንነሳና ጥሬ ሥጋ ቤት እንከፍትበታለን? አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚበላው ዓሣ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ ሃያ ኪሎ ገደማ ነው። ሮቢን ያላወቀ ሰው ቀይ ባሕርን በምን ዓይኑ ያውቀዋል?

«ሕዝቡ በችግር ላይ እያለ አንተ ስለ ዓሣ ጢም ትቆጥራለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ደህና። የተቸገረው ሕዝብ ልጅ እኮ ነው ወንዝ የወረደው! የጠገበ ልጅ ከሽቦ መንጠቆ አይሠራም። ችግር ያመጣውን ሰው በእውቀት አለማስታጠቅ ነው ቅንጦቱ።

ለልጁ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ወፍራም ጓንትና ጥቂት ደህና መንጠቆዎች ሰጥቼው ተመለስኩ። እናቱ «ደግሞ መሣሪያ ታቀብለዋለህ?» ብላ ተቆጣችኝ። ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ። ዳር ላይ ሆኖ ሁለት ቢልጫ መያዙን፣ አንዱ ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ስለሆነ መልቀቁን ነገረኝ። ጢሙን ቆጥሯል። ከዚያ ግን አንዲት ትንሽ፣ አገጭዋ ሥር መጥበቂያ ያላት፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ የምትኖር ዓሣ አግኝተዋል።

«እሷንስ ማን እንበላት ጋሼ?»

«ሳይንቲስቶቹ ጋራ ይሏታል» አልኩት።

«ጋራ? ተራራ ነች እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከጓደኞቹ ጋር ተማክረው «ድንጋይ ሳሚ» ብለዋታል።